የአንድ ቀን ተኩል ግድግዳ

በ1987 ዓ.ም. ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ከቀትር በኋላ ከክሊኒክ ወጥቼ ቤት ወደምንሠራበት ወደ ዳሚ ሰፈር ስወርድ አቶ እንየውን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። መገናኘታችን አላስገረመኝም፤ ያስገረመኝ አቅጣጫቸው ነው። እኔ ወደ ሥራው ስሄድ እሳቸው ከሥራው ይመለሱ ነበር፤ ያውም ቱንቢያቸውን፣ ውሃ ልካቸውንና መዶሻቸውን በከረጢት ቋጥረው። ግንበኛ መሣሪያውን የሚቋጥረው ሥራው ሲያልቅ ነው። ሥራው እንዳላለቀ ደግሞ አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ ዛሬ በጊዜ ጨረሱ?» አልኳቸው።

«ጨረስኩ» አሉ ሳይቆሙ።

«አራተኛው ግድግዳስ?»

«የፈለገ ይገንባው።»

ነገሩን ላልሰማ ሰው ከሥሩ ማስረዳት ይገባኛል። በሀርጌሳ የነበርነው ክርስቲያን ኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም፤ የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ግን ነበረን። አብዛኞቻችን ጦሩ ሲፈታ ድንበር ተሻግረን የቀረን ነን። እኔ ወንድምአገኝ ሐረር በጦር ሆስፒታል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እዚያም በአንድ የእርዳታ ክሊኒክ ያንኑ እሠራ ነበር። አቶ እንየው የጎጃም ሰው፣ የጦሩ ግንበኛ የነበሩ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው። በዚያ ዓመት አየር ማረፊያውን የያዙ ታጣቂዎችና የመንግሥት ወታደሮች ስለተፋጠጡ የቀን ሥራ ቆመ፤ ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። የማኅበራችን ሙሴ ወይዘሮ የሺሃረግ፣ ለጥቅምቱ ክብረ በዓል ድግስ ከምንደግስ ለአንድ ቤት አልባ ቤተሰብ ቤት እንሥራ አለች፤ ተስማማን። ቤተሰቡን የመረጠችውም እሷ ናት። ከእሷ ጋር ልብስ የምታጥብ ፋዱሞ የምትባል ሴት ነበረች፤ ከባሏ ከዱዓሌና ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር በጨርቅና በላስቲክ በተሠራች ጎጆ ውስጥ ትኖራለች። የድሮ ቤታቸው በ1980 ከአውሮፕላን በወረደ ቦምብ ፈርሷል። ፋዱሞ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

የምንሠራው ቤት ባለ አንድ ክፍል ነው። ሦስቱ የድንጋይ ግድግዳዎች ቁመታቸውን ጨርሰዋል። አራተኛው፣ ድንጋይና ጭቃ የምናስገባበት በመሆኑ አቶ እንየው ለመጨረሻ ያቆዩት፣ ከጉልበት አላለፈም፤ በሳቸው እጅ የአንድ ቀን ተኩል ሥራ ይቀረዋል። የፋዱሞ ጎጆ ያለችው በእነዚህ ግድግዳዎች መሃል ነው፤ አራተኛው የሚያየው አየር ማረፊያውን ነው። በዚያ ሰሞን ጥይት የሚመጣውም ከዚያው በኩል ነበር።

አቶ እንየውን እየተከተልኩ ምክንያቱን ጠየቅኳቸው። በመጨረሻ አንድ የፈረሰ አጥር ጥግ ከረጢታቸውን አስቀመጡ።

«ዱዓሌ ቀጥቃጭ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

እንደማላውቅ ነገርኳቸው። እውነቴን ነው። ሰውየው በስደት ዘመኑ መሣሪያው ሁሉ ጠፍቶበት ስለነበር፣ ስናውቀው ሸክም ተሸካሚ ነው። ትናንት ግን ለእኛ ድጋፍ እንዲሆን ብሎ ከዘመድ መስፍና ወናፍ ተውሶ፣ የመድፍ ጥይት ቀለሃና የፍንዳታ ስብርባሪ ብረት ለቅሞ፣ ለበሩ ማጠፊያ ቀጥቅጦ አቀረበ። አቶ እንየው ማጠፊያውን አይተው ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ። ከዚያች ሰዓት በኋላ ግን ከሠራተኞቹ አብዛኛው የፋዱሞን ሻይ መጠጣት አቆመ። ዛሬ ደግሞ አራቱ ሆዳቸውን ቆርጧቸው ተኝተዋል።

«በልቷቸዋል» አሉ አቶ እንየው። «ገና ትናንት እሳቱ ዳር ቆሞ ሲያያቸው አይቻለሁ። እኔ ከእስላም ጋር ጠብ የለኝም፤ ከኸይሩ ሱቅ ሻይ የማልጠጣበት ቀን አለ? ቀጥቃጭ ግን ቀጥቃጭ ነው፤ አገር አይለየውም።»

«ጋሼ፣ ይህን መዶሻ ማን ሠራው?»

«ጀርመን።»

«ታዲያ ጀርመንም ቀጥቃጭ ነው።»

«የጀርመን ዐይን እዚህ አይደርስም» አሉና ራሳቸው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ወዲያው ጠፋ።

ሰውን ምን እንዳሳመመው መመርመር ሥራዬ ነውና፣ ያየሁትን በተራ ነገርኳቸው። ስድስት ቀን ሙሉ አሥራ አንዳችንም የፋዱሞን ሻይ ጠጣን፤ አንድም ሰው አልታመመም። በሰባተኛው ቀን ዘጠኙ ሻዩን ትተው በአህያ ጋሪ ከደረቁ ወንዝ የሚመጣውን የበርሜል ውሃ ጠጡ፤ በማግስቱ ከዘጠኙ አራቱ ታመሙ። ሻይ መጠጣት ያልተውነው የሺሃረግና እኔ ነን፤ ሁለታችንም ደኅና ነን። ስለዚህ ያሳመማቸው የቀጥቃጩ ቤት አይደለም፤ የቀጥቃጩን ቤት መሸሻቸው ነው። ፋዱሞ በስደተኞች ሠፈር አንድ ልጅ በተቅማጥ ከሞተባት ወዲህ ሳይፈላ ውሃ አታስነካም። እኛ የናቅነው እሷ ያፈላችውን ነው፤ የመረጥነው አህያው የገባበትን።

አቶ እንየው አቋርጠው አያውቁም፤ የጨዋ ልጅ ናቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው እንዲህ አሉ፦

«አንተ በዐይን የማይታይ ትል ሰው ያሳምማል ትላለህ። እኔ በዐይኑ የሚያሳምም ሰው አለ እላለሁ። የአንተንም የኔንም እዚህ መንገድ ላይ ያየ የለም። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሻዩን እጠጣለሁ ትላለህ። የራስህን ኩባያ በኪስህ ይዘህ የምትሄደውስ ለምንድን ነው?»

«ለጤና ጥበቃ ነው» አልኳቸው።

«ከኸይሩ ሱቅ ስትጠጣ ኩባያ ይዘህ አይቼህ አላውቅም።»

እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ኩባያውን ያዝኩ። አቶ እንየው ከረጢታቸውን አንሥተው ሄዱ። የመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለቀ።

በሁለተኛው ቀን ኩባያዬን ቤት ትቼ ወደ ዳሚ ወረድኩ። ከሠራተኛ ማንም አልመጣም። አቶ እንየው በሌሉበት ድንጋይ ማን ያነሣል። ዱዓሌ ከጉልበት ያላለፈው ግድግዳ ላይ ተቀምጦ፣ የሠራውን ማጠፊያ እያገላበጠ ያየዋል። አማርኛ የተማረው ሐርታሼክ የስደተኞች ሠፈር ገበያ ላይ ነው፤ ቃላቱ ጥቂት፣ ግን ቀጥ ያሉ ናቸው።

ፋዱሞ ሻይ አመጣች። እጇን ዘርግታ ኩባያዬን ጠበቀች፤ ስታጣው ባሏን በሶማልኛ አንድ ነገር አለችውና ሁለቱም ሳቁ።

«ምን አለች?»

«ኩባያው ሞተ ወይ ትላለች።»

በብርጭቋቸው ጠጣሁ። አፈርኩ፤ ለስምንት ቀን እያዩ ዝም ብለውኛል ማለት ነው። ፋዱሞ እንደገና ተናገረች፤ አሁን አልሳቀችም። ዱዓሌ ግድግዳው መቼ እንደሚያልቅ እየጠየቀች መሆኑን ነገረኝ። ትናንት ማታ የጎጆዋ ላስቲክ በሁለት ቦታ ተበስቷል፤ ልጆቹን መሬት ላይ አስተኝታ እሷ ሆዷ ስለማይመቻት ተቀምጣ አድራለች።

አቶ እንየው ጥቂት አሟቸው ነው ብዬ ልዋሽ ጀመርኩ። ዱዓሌ እጁን አነሣ።

«አውቃለሁ» አለ። «የእኛ አገር ሰው ከእኛ ጋር አይበላም። ልጅ አይሰጠንም፣ ልጃችንን አይወስድም። ብረት ስለምንሠራ፣ ቆዳ ስለምንሠራ። እናንተ ስትመጡ ለፋዱሞ፣ እነዚህ ከሩቅ ናቸው፣ ይህን አያውቁም አልኳት። ስድስት ቀን አላወቃችሁም። ጥሩ ስድስት ቀን ነበር።»

ከዚያ ማጠፊያውን ሰጠኝ። ለአዴር ስጥልኝ አለ፤ አዴር የሚለው አቶ እንየውን ነው፣ አጎቴ እንደማለት። ሥራው ከተጠላ እንኳ ብረቱ ጥሩ መሆኑን ግንበኛ ያውቃል አለኝ።

ማጠፊያውን ይዤ አቶ እንየው ቤት ሄድኩ። በእጃቸው አልነኩትም፤ ግን ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ቀዳዳዎቹ እኩል መሆናቸውን አዩ። የዚያን ቀን ክርክራችን እስከ ምሽት ቆየ፤ ሁሉን አልጽፈውም። የመጻሕፍቱን ቃል አነሣሁ፤ እሳቸውም አነሡ። ኖኅ መርከቡን ያለ ብረት አልሠራም አልኩ፤ በእንጨት ሚስማር ነው የሠራው አሉ። ጌታችንም የእጅ ሠራተኛ ቤት ነው ያደገው ስል፣ አናጢና ቀጥቃጭ አንድ አይደለም አሉኝ። አንዳንዴ ትክክል ይመስሉኝ ነበር። አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ፤ ክርክሩ ሁሉ ወደ ልጆች ሲዞር ድምፃቸው ይቀንሳል። ልክ እንደ ሕመምተኛ፣ የሚያመው ቦታ ሲነካ።

በሦስተኛው ቀን ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ከበርሜሉ አንድ ጠብታ ውሃ፣ ፋዱሞ ካፈላችው አንድ ጠብታ ውሃ አዘጋጅቼ በአጉሊ መነጽሩ አሳየኋቸው። የሚንቀሳቀስ ሁሉ በሽታ እንዳልሆነ፣ የማሳያቸው የውሃውን መቆሸሽ ብቻ መሆኑን አስቀድሜ ነገርኳቸው፤ ከሚገባው በላይ ማስረዳት ማታለል ነውና። መነጽር ላይ መጀመሪያ ሽፋሽፍታቸውን ነው ያዩት። ቆይተው ውሃውን አገኙት።

«ይሄዳል» አሉ።

«አዎ።»

ሁለተኛውንም አዩ። ምንም አይንቀሳቀስም። ተመልሰው የመጀመሪያውን አዩ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ ከጠየቅኳቸው ጋር የማይገናኝ የሚመስል ነገር ጀመሩ።

«ማንአህሎሽ የምትባል ልጅ ነበረችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በመኸር ጊዜ ሆዷን ያዛት፣ ደም አስቀመጣት። በሦስተኛው ቀን አለፈች። ከመታመሟ በፊት ባለው ቀን ቀጥቃጩ ማረሻ ሊያደርስልኝ መጥቶ ስትበላ አይቷት ነበር። ቀብረናት ስንመለስ ቤቱን አቃጠልን። ሚስትና አምስት ልጆች ነበሩት። የት እንደሄዱ አላውቅም። ክብሪቱን የጫርኩት እኔ ነኝ።»

ሁለተኛ ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«በመኸር እናቷ ከእኔ ጋር አጨዳ ላይ ነበረች» አሉ ቀጥለው። «ወንዙ ከብት ይገባበታል። ውሃውን በቅል እየቀዳሁ የማጠጣት እኔ ነበርኩ። አንተ ያልከው እውነት ከሆነ ልጄን ማን እንደገደላት ታውቃለህ? ሦስት ቀን ሙሉ እሺ በል ስትለኝ፣ ምን እሺ በል እንዳልከኝ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ለክርክር የተዘጋጀሁት ስለ ውሃ ነው። ባለማወቅ የተሠራ እንደማይቆጠር ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ቤት ማቃጠል ባለማወቅ አይሠራም አሉ። ከዚያ ተነሥተው ማጠፊያውን ከጠረጴዛዬ ላይ በእጃቸው አነሡት።

«ነገ ጠዋት እመለሳለሁ። መልእክት ላክለት።»

ፀሐይ ለመጥለቅ ገና ሁለት ሰዓት ያህል ነበራት። አሁኑኑ እንሂድ ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ደክሟቸዋል ብዬ አሰብኩ፤ የበለጠ እውነቱን ለመናገር፣ ያሸነፍኩ መሰለኝና ደስ አለኝ። ደስታ ሰውን ያዘገያል። ወደ ዳሚ ሰው ላክሁ፦ ነገ በማለዳ እንመጣለን፣ ሥራው ይቀጥላል አልኩ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ የመድፍና የመትረየስ ድምፅ አየር ማረፊያው በኩል ተነሣ። እስኪነጋ ድረስ ከተማው ሁሉ መንገድ ላይ ነበር፤ ሰው ፍራሽ፣ ድስት፣ ሽማግሌ ተሸክሞ ወደ ምዕራብ ይጎርፋል። በዚያ ጎርፍ ውስጥ ወደ ታች የሚሄድ አንድ ሰው ብቻ አየሁ። አቶ እንየው ናቸው፤ ከረጢታቸውን በትከሻቸው አንግተዋል። አብረን ወረድን።

ፋዱሞን ያገኘናት ጎጆዋ ውስጥ ነው፤ ጎረቤቶች በጨርቅ ሸፍነዋታል። ዱዓሌ የሆነውን በተጠየቀበት ቅደም ተከተል መለሰልኝ። ተኩሱ ሲጀመር ሁሉም መሬት ላይ ተኝተው ነበር። ትንሽ ጋብ ሲል ፋዱሞ ተነሣች። ለምን ተነሣች? ግንበኞቹ ስለሚመጡ ውሃ ልጥድ አለች። ቆማ ነበር? አዎ፣ ቆማ እሳቱን ታራግብ ነበር። ከየት በኩል መጣ? በእጁ አመለከተ፤ ከጉልበት ያላለፈውን ግድግዳ አሻግሮ። ሕፃኑም ከእሷ ጋር ሄዷል። ሁለቱ ልጆች ደኅና ናቸው።

በልቤ ሒሳቡን ሠራሁት፤ ሳልፈልግ። ግድግዳው የአንድ ቀን ተኩል ሥራ ነበር። የተከራከርነው ሦስት ቀን ነው። ሌላም አለ፤ ግንበኛ ባይኖር እንኳ ሃያ ከረጢት አፈር ሞልቶ መደርደር ጥይት ይመልሳል፤ ባዶ ከረጢት ደግሞ በክሊኒካችን መጋዘን ተከምሮ ነበር። ይህን ለማሰብ ትምህርት አያስፈልግም። እኔ ግን ሦስቱንም ቀን የአንድ ሽማግሌ ሐሳብ በመለወጥ ተጠምጄ ነበር፤ ሻይ እየጠጣሁ።

ዘመዶቹ ፋዱሞን ቀብረው ሲመለሱ አቶ እንየው ድንጋይ እያነሡ ነው። ሁለት ረድፍ ቀጥለዋል። ዱዓሌ አጠገባቸው ሄዶ ቆመ።

«አዴር፣ ተው» አላቸው። «ለማን?»

አቶ እንየው የያዙትን ድንጋይ መሬት አስቀመጡ። ከዚያ ዱዓሌ ልጆቹን ይዞ ሲወጣ እኛም ተከተልነው።

በሁለተኛው የጉዞ ቀን፣ ወደ ድንበር በሚወስደው መንገድ፣ እኩለ ቀን ላይ ከግራር ሥር አረፍን። ሌሎቹ መንገድ ላይ ተቀላቅለውን ከማኅበራችን ስምንት ሰዎች ነበርን። ከመንገዱ በታች ዝናብ ያቆረው ኩሬ አለ፤ ግመልም ሰውም ይጠጣበታል። ዱዓሌ ከኩሬው ቀድቶ በዱቄት ወተት ጣሳ አፈላና ለልጆቹ አቀዘቀዘ። ለእኛ አላቀረበም። ሰው ስንት ጊዜ ያቀርባል።

አቶ እንየው ተነሥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ዱዓሌ፣ ለእኔም ስጠኝ።»

ዱዓሌ አያቸው። «ከዚህ ጣሳ?»

«ከዚህ ጣሳ።»

ጠጡ። ከዚያ ጣሳውን እንደያዙ ወደ እኛ ዞረው፣ ግድግዳ ሲያስተካክሉ እንደሚናገሩት በዝግታ ተናገሩ፦

«ስሙኝ። እኔ ስልሳ ሁለት ዓመት አንድ ነገር አምኜ ኖርኩ። ቀጥቃጭ ሰው ይበላል አልኩ። አሁን ስቆጥረው፣ ቀጥቃጭ የሠራልኝ ማረሻ አብልቶኛል፣ ምሳሩ ቤት ሠርቶልኛል፤ የበላኝ ግን ያልፈላ ውሃና የራሴ ክብሪት ነው። ብረት የሚያውቅ ሰው ያለው ሰፈር በሩ ይዘጋል፣ ድልድዩ ይቆማል። የተናቀ ሰው ግን ሙያውን ለልጁ አያስተምርም፤ እኛም በር አልባ እንቀራለን። ውሃ የምታፈላ ሴት ያለችበት ቤት ልጅ ያድጋል። የማንም ሴት ትሁን፣ ከእጇ ጠጡ። ይህን የዛሬ አምስት ቀን ብነግራችሁ ኖሮ አንዲት ሴት ግድግዳ ነበራት። አሁን የምነግራችሁ ለእሷ አይጠቅማትም። ለእናንተ እንዲጠቅም ነው።»

ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እውነት ነው፣ ጋሼ፣ አሉ። አንዱ ዐይኑን ጠረገ። አቶ እንየው ጣሳውን አሳለፉ፤ የሺሃረግ ጠጣች፣ እኔ ጠጣሁ፣ ሆዳቸውን ታመው ከነበሩት አንዱ ጠጣ። ቀሪዎቹ አራቱ ጣሳውን እየተቀበሉ በትሕትና ለሚቀጥለው ሰጡ። አልጠማንም አሉ።

ቆየት ብሎ አራቱም ጀሪካን ይዘው ወደ ኩሬው ወረዱ። ተንበርክከው ሲጠጡ ከግራሩ ሥር ይታየን ነበር። ዱዓሌም አያቸውና ለልጆቹ ሌላ ውሃ ጣደ።

«ነገ ደግሞ እነግራቸዋለሁ» አሉ አቶ እንየው።

ሻዩን ትተው ከነበሩት ስድስቱ ሁለቱ ጠጡ። በእኔ ሙያ ይህ እንደ ጅምር ይመዘገባል፤ እኔም መዘገብኩት። አቶ እንየው ግን ቁጥር አልጠየቁኝም። ተነሥተው ቁልቁል ወደ ኩሬው መሄድ ጀመሩ።